በራሱ ግዴለሽነት

በደርግ ጊዜ፣ የካ ውስጥ ከእንጦጦ ግርጌ በሚገኝ አንድ የተወረሰ የእንጨት መሰንጠቂያ ታይፒስት ነበርኩ። ከተራራው የሚወርደው ባሕር ዛፍ እኛ ግቢ ተሰንጥቆ ጣውላ ይሆናል። ቢሮዬ ከመጋዙ አጠገብ ስለነበር ጩኸቱ ጆሮዬ ውስጥ ይቀራል፤ ቤት ገብቼም እናቴን «ምን አልሽ?» እያልኩ አመሻለሁ።

አንድ ጠዋት መጋዙ ሳይቆም ሰው ጮኸ። ሮጬ ወጣሁ። ትልቁን መጋዝ የሚያሠሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ቀኝ እጃቸውን በካፖርታቸው ጠቅልለው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሦስት ጣቶቻቸውን መጋዙ ወስዷቸዋል። እሳቸው ግን «አጥፉት፣ ሌላ ሰው እንዳይነካ» ይሉ ነበር። ጣውላ በሚጭነው መኪና ሆስፒታል ወሰዷቸው።

ከሰዓት በኋላ የመጋዝ ክፍሉ አለቃ፣ ካቦው፣ መጣና አጠገቤ ቆሞ የአደጋውን ሪፖርት አስጻፈኝ። «ሠራተኛው በራሱ ግዴለሽነት» ሲል እጄ ቆመ። የመጋዙን ጥርስ የሚከልለው የብረት ሽፋን በካቦው ትእዛዝ መነሳቱን ግቢው ሁሉ ያውቃል። ሽፋኑ ካለ ወፍራም ግንድ አያስገባም፤ ወፍራም ግንድ ካልገባ ደግሞ የምርት ፕላኑ አይሞላም።

«ጻፊ እንጂ!» አለኝ።

ጻፍኩ። ፈርቼ ነው። በዚያን ዘመን ሥራ አደናቀፈች መባል ቀላል ነገር አልነበረም።

ከሳምንታት በኋላ ጋሼ እጃቸው እንደታሰረ መጡ። ጉዳቱ በራሳቸው ጥፋት ስለደረሰ ካሣ እንደማይገባቸው፣ ከሥራም እንደተሰናበቱ የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ሪፖርቱን እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ላንብብልዎት ስላቸው «ተይው ልጄ፣ መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ» አሉ። በግራ እጃቸው መስመሩን እየተከተሉ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብለው አነበቡ። «ግዴለሽነት» ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስቆረጥ አይተሽኛል?»

«አላየሁም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሽፋኑን መልሱልኝ ብዬ ሁለቴ ለምኛለሁ» ብቻ ብለው ወጡ።

የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ግቢውን እየዞርኩ ሽፋኑን ስፈልግ፣ ዘበኛው ገልብጦ ለዶሮዎቹ ውሃ መጠጫ አድርጎት አገኘሁት። ውሃውን ደፋሁና እየከበደኝ ተሸክሜ ወስጄ፣ የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ያላየሁትን ነገር እንደጻፍኩ፣ ማን እንዳስጻፈኝም ነገርኩት። ሊቀመንበሩ ፈራ ተባ የሚል ሰው ነበር። ብረቱን አገላብጦ አየና «ይሄማ ዝም አይባልም» አለ።

ነገሩ ለወራት ተጓተተ። በመጨረሻ እኔም ዘበኛውም መሰከርን፤ የመጋዝ ክፍል ሠራተኞችም አፋቸውን ከፈቱ። ጉዳዩን ያየው ዳኛ ካቦውን «ሽፋን አንስታችሁ ሰው ካቆማችሁ በኋላ፣ ግዴለሹ ማነው?» ብሎ ጠየቀው። ለጋሼ ካሣ ተፈረደላቸው፤ ስንብቱም ተሰረዘ።

ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ፈታሽ ሊያደርጋቸው ሲል ጋሼ እምቢ አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ መጋዝ ይዤ ኖሬ የሰው ኪስ ልዳብስ?» ብለው የመጋዝ ጥርስ መሞረድ መረጡ። የግራ እጃቸው እስኪለምድ ድረስ ግን ተሰቃዩ። አንዳንዴ ሞረዱን ወርውረው ሲወጡ፣ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ሲመለሱ በመስኮት አያቸው ነበር።

በኋላ በአንድ የኪዳነ ምሕረት ንግሥ እንጦጦ ዳገት ላይ ከባለቤታቸው ጋር አገኘኋቸው። «ይቺ ናት ያልኩሽ» አሏቸው።

«ሪፖርቱን የጻፈችው ወይስ ብረቱን ያመጣችው?» ብለው ጠየቁ ባለቤታቸው።

«ሁለቱንም» አሉ ጋሼ።

መሬት መሬት አየሁ። ሴትዮዋ ክንዴን ያዙ፤ ዳገቱን አብረን ወጣን።