ተቀባይ ያጣው የምርመራ ትእዛዝ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ሐርጌሳ በአንድ የግል ክሊኒክ ሶፍትዌር ስሠራ ነው። ልረሳው ያልቻልኩት ጥፋቱ የመጣው ካለማወቅ ሳይሆን ከቅናት ስለሆነ ነው። አዎ፣ ከቅናት። ምን እደብቃለሁ!

የምቀናው በሥራ ባልደረባዬ በሆዳን ነበር። ጅግጅጋ የተማረች፣ አማርኛዋ ከእኔ የማይተናነስ፣ በዕድሜ ግን ስድስት ዓመት የምበልጣት ልጅ ናት። እኔ ከአዲስ አበባ የስምንት ዓመት ልምድ ይዤ መጥቼ፣ ሥራ አስኪያጁ ለሁሉም ነገር የሚጠራው እሷን ነው። ከሁለታችን አንዳችን የክፍሉ ኃላፊ እንደምንሆን ስሰማ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ጋ ያለው ፕሮግራም የደም ምርመራ ትእዛዝ ለላብራቶሪው ፕሮግራም እንዲልክ ማድረግ ነበረብን። እኔ ሁለቱ እንደ ስልክ በቀጥታ ይገናኙ፣ ወዲያው ይደርሳል አልኩ። ሆዳን ደግሞ መሃል ላይ ወረፋ ይኑር፣ ላብራቶሪው ተቀበልኩ እስኪል ድረስ መልእክቱ እዚያ ይጠብቀው አለች። የላብራቶሪው ባለሙያ ለሶላት ሲወጣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ነው የሚሄደው ብላ አስረዳችን።

እውነቷን እንደሆነ ገብቶኛል። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ በአድናቆት ሲያያት ደሜ ፈላ። ወረፋ ሥራ ያጓትታል፣ ሰውየውን ኮምፒውተርህን አታጥፋ ብንለው ይበቃል ብዬ ተከራከርኩ። ልምዴን እየጠራሁ አሸነፍኩ። ለሰውየው ግን ሳልነግረው ቀረሁ። ብነግረውማ ሥጋቷ ልክ ነበር ማለት ይሆንብኛላ!

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በኮሪደሩ ሳልፍ፣ አንዲት ሴት በትኩሳት የሚቃጠል ልጇን ታቅፋ በአማርኛ እመቤቴን ስትለምን ሰማሁ። ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ያገሬ ልጅ ናት። ምን ሆነሽ ብላት፣ ሐኪሙ ምርመራ ካዘዘላት በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ መቀመጧን፣ ላብራቶሪ ስትጠይቅ ግን የልጅሽ ስም የለም እንዳሏት ነገረችኝ። ሶማሊኛዋ ለክርክር አይበቃም።

«የሰው አገር ሰው ስለሆንኩ ይሆን፣ እህቴ?» አለችኝ።

ወዲያው ገባኝ። ትእዛዙ የተላከው ላብራቶሪው ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት በተዘጋበት ሰዓት ነበር። ተቀባይ ሲያጣ እዚያው ጠፍቶ ቀርቷል። እንደዚያ አይደለም፣ ስህተቱ የእኛ የኮምፒውተር ሰዎች ነው አልኳት። የእኔ ነው ለማለት ግን አፌ አልታዘዘኝም።

ሮጬ የሄድኩት ወደ ሆዳን ነው። ምንም ሳትወቅሰኝ ላብራቶሪ ገብታ አስረድታ ወዲያው ደሙ እንዲወሰድ አደረገች። ወባ ነበር። መድኃኒት ተጀመረለት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ዳነ።

ሥራ አስኪያጁ ጠርቶን ይህን የሠራው ማነው ሲል፣ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«ሁለታችንም ነን» አለችው ሆዳን። «ዛሬውኑ እናስተካክለዋለን።»

ኃላፊ የሆነችው እሷ ናት። ፕሮግራሞቹም የሚገናኙት እሷ ባለችው መንገድ ነው። ቅናቴ ለቀቀኝ ብል ግን ውሸቴን ነው። ያኔ የምቀናው በእውቀቷ ነበር። አሁን የምቀናው «ሁለታችንም ነን» ባለችበት አፏ ነው። ጥፋቱ የእሷ ቢሆን ኖሮ እኔ ጣቴን ወደ እሷ ነበር የምቀስረው።