ጋዝ ያድርጉበት

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። አጎቴ ከደሴ መጥተው ኦክላንድ ከኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። እዚያ ባለሱቅ ነበሩ፤ ሳሙናም ስኳርም በጠርሙስ የሚሰፈር ጋዝም ይሸጣሉ። እዚህ ሲመጡ መስኮት ዳር ከመቀመጥ በቀር የሚሠሩት አጡ። እኔ ሚልፒታስ ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ስሠራ እውላለሁ፤ ማታ ስገባ እዚያው ወንበር ላይ አገኛቸዋለሁ።

አጠገባችን አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ብቻዋን ትኖር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአጎቴ ጋር በእጅ ምልክት ተግባብተው የሳር ማጨጃ ማሽኗን አስረከበቻቸው። በማግስቱ ልጇ ከሳን ሆዜ ስለምትመጣ ግቢው አምሮ እንዲጠብቃት ፈልጋለች። አጎቴ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው መጡና ማሽኑ ነዳጅ እንደሌለው ነገሩኝ። እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ፤ መነጋገሪያውን በእጄ ሸፍኜ፣ "ጋሼ፣ ጋዝ ያድርጉበትና ስታርት ያድርጉት። ጋራዣችን ውስጥ አለ" አልኳቸውና ወደ ወሬዬ ተመለስኩ።

ጨርሼ ስወጣ የማስነሻውን ገመድ እየሳቡ አገኘኋቸው። መጀመሪያ በሳቡ ቁጥር ቢስሚላህ ይሉ ነበር፤ ኋላ ዝም ብለው መሳብ ብቻ ሆነ። ማሽኑ አንዴ ሳል ይልና ጸጥ ይላል። አሮጊቷ በረንዳዋ ላይ ቆማ ታያለች።

ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስበይድ ስለምውል ማሽን የማውቅ ይመስለኝ ነበርና ቦታውን ተቀበልኳቸው። የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ ጠረግኩ። የአየር ማጣሪያውን አራገፍኩ። ጋዝ አድርገውበት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ሞልቼዋለሁ አሉ። ሳብኩ፣ አሁንም ሳብኩ፤ ትከሻዬ ዛለ፣ ንዴቴም መጣ። ወደ አሮጊቷ ዞሬ በእንግሊዝኛ፣ ይቅርታ አድርጊልን፣ እሳቸው ስለ ማሽን ምንም አያውቁም፣ ሳያበላሹት አልቀሩም አልኳት። አጎቴ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ጣቴ ግን ወደሳቸው ይጠቁም ነበር፤ እሷም ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ አየቻቸው። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ከማሽኑ ራቅ ብለው ቆሙ።

ልመልስላት ብዬ ማሽኑን ሳዘነብለው ነዳጁ እጄ ላይ ፈሰሰ። ሳሸተው የፋኖስ ሽታ ነው።

"ጋሼ፣ ከየትኛው ነው የቀዱት?"

"ከሰማያዊው ጀሪካን።"

ሰማያዊው አከራያችን ለማሞቂያ ያስቀመጠው ነጭ ጋዝ ነው።

"ቀዩንም ጀሪካን ከፍቼ አሽትቼዋለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "እሱ ቤንዚን ነው። አንቺ ያልሽኝ ጋዝ ነው። ስሸጠው ኖሬ ጋዝ ይጠፋኛል?"

የምገባበት ጠፋኝ። እዚህ አገር ቤንዚኑን ጋዝ ይሉታል፤ እኔም እንደነሱ ማለት ከለመድኩ ቆይቻለሁ፤ ቃሉ ሌላ ነገር እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ። ሰውየው ሁለቱን አሽትተው፣ አመዛዝነው፣ ያልኳቸውን ሳያዛንፉ አደረጉ። እኔ ደግሞ ጎረቤት ፊት አዋረድኳቸው።

ነጩን ጋዝ ገለበጥን፤ ውስጡን በቤንዚን አለቀለቅን፤ ካንዴላውን አደረቅን። እርስዎ ይሳቡት ብዬ ብለምናቸው አንቺው ሳቢው አሉኝ። ከብዙ ትግል በኋላ ተነሣ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለአሮጊቷ ስነግራት ሳቀች። ለሳቸውም ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። "ምን አጠፋሽ" ብለው ሳሩን ማጨድ ጀመሩ። አጥር ለአጥር አስተካክለው አጨዱት፤ አሮጊቷም አጨበጨበችላቸው። እኔም ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ ቀለል አለኝ።

ሳሩ እንደገና ሲያድግ ደግማ ጠራቻቸው። ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ቀዩን ጀሪካን አንጠልጥለው ገቡ። ስንት ዘመን ለሰፈሩ ሁሉ ጋዝ ሲሰፍሩ የኖሩት ሰውዬ ክዳኑን ከፈቱና አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ።

"ይኼ ነው አይደል?" አሉኝ።

"እሱ ነው፣ ጋሼ" አልኩ፤ ቀና ብዬ ግን ላያቸው አልቻልኩም።