ለአክስቴ ያልነገርኳት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ማዘን ካማራችሁ ለአክስቴ ለውድነሽ እዘኑ።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ ጎንደር ከተማ ስማር፣ በየሳምንቱ ከኮላ ድባ ስንቄን ተሸክማ ትመጣ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ግራ ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር አበጠና ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አማርኛ አያውቅም። የዚያን ቀን አስተርጓሚው አልገባም። «እኔ እችላለሁ» አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ነገረኝ። ካንሰር ነው። በእሱ አገር እንዲህ ያለውን ዓይን ጨረርና ሙቀት አጣምረው ለማከም ይሞክራሉ፤ ሙቀቱ እብጠቱን ያዳክመዋል፣ ጨረሩ ይገድለዋል። ሙቀት ለብቻው ምንም አይረባም። እዚህ ደግሞ ሁለቱም የሉም። ስለዚህ ሳይሰራጭ አዲስ አበባ ሄዳ ዓይኗ ይውጣ፤ ከዚህ ወር እንዳያልፍ። ሁሉም ገብቶኛል። አልገባኝም ነበር ብዬ የማመልጥባት ቀዳዳ የለችም።

ግን ማን ይውሰዳት? ከእኔ ሌላ ማን አላት? ማትሪክ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ያኔ ካገር አገር ለመሄድ የሚጠየቀውን የይለፍ ወረቀት ቀበሌ ይከለክለናል ብዬ ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ሊቀመንበሩ ጎረቤታችን ነበር፤ በዕለቱ ይጽፍልን ነበር። እኔ ፈተናዬን ፈለግሁ። ይኸው ነው።

«ንገሪኝ እንጂ፣ ምን አለ ፈረንጁ?» አለችኝ።

«በሙቀት ይታከማል አለ» አልኩ።

«እሰይ! ቆፍሮ ሊያወጣው ነው ብዬ ነበር እኮ። ባንድ ዓይኔማ ጤፉን ከእንክርዳዱ እንዴት ልለይ? መተኮስ ከሆነማ ትክል ድንጋይ ከተማ ባለመድኃኒቱ አያ በላይ አሉ አይደል፣ ሸጋ አድርገው ይተኩሱኛል!»

ሰማሁ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ እኔ ግን ዝም አልኩ! ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። የጋለው ብረት ቅንድቧ ላይ ሲያርፍ ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሥጋዋ ሲሸት «አይዞሽ» አልኳት። በምን አፌ?

ፈተናውን ተፈተንኩ። ማለፌና መውደቄ ለእናንተ ምን ይረባችኋል?

ከአራት ወር በኋላ ዓይኗ ገፍቶ ሲወጣ መልሼ ወሰድኳት። ያው ሐኪም ጠባሳውን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። «አዲስ አበባ ለምን አልሄደችም?» አለኝ። በራሴ ላይ መትፋት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። «እምቢ አለች» አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ እንደ መሃይም አያት። እሷ ያዘነላት መስሏት ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺ ባትኖሪ ማን ያስረዳኝ ነበር? እደጊልኝ» ብላ መረቀችኝ።

በፍልሰታ ቀበርናት። ዓይኗ ቢወጣ ትድን ነበር ወይ? አላውቅም። ምርጫው ግን የእሷ ነበር፤ እኔ ሰረቅኋት። ኮላ ድባ እስከ ዛሬ «ተተኮሺ ብሎ የገደላት ፈረንጁ ነው» ይላል። እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ አንዳንዴም ራሴን እነቀንቃለሁ።

ይቅር በሉኝ አልልም። እናንተ ማን ናችሁና በእሷ ፈንታ ይቅር ትሉኛላችሁ? የፊታችን እሁድ ኮላ ድባ እወርዳለሁ። ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ እበሩ ላይ ቆሜ፣ ፈረንጁ እንዳልሆነ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚሉኝን ይበሉኝ።