አውቶቡሶቹ ጀርባ ላይ የተቀባው አድራሻ

ምራቴ ዌብሳይት ሠሪ ናት። የምትሠራው እኛው ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። ላፕቶፑ ከፍ እንዲልላት የጫማ ካርቶን ከሥሩ አድርጋለች። ልጇ ጡት ስላልተወ ቢሮ መግባት አትፈልግም። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ልብስ እጠቅማለሁ። ብዙ አናወራም።

ሰሞኑን የአንድ አውቶቡስ ድርጅት ሥራ ይዛ ነበር፤ መንገደኛ በስልኩ ቲኬት የሚቆርጥበት ገጽ። በደህና ከተከፈተ ዓመቱን ሙሉ እሷው እንድትይዘው ሊያስፈርሟት ነው። ከተፈራረመች ከሕፃኑ ሳትለይ ትሠራለች።

አሠራሩን አስረድታኛለች። «ቲኬት» የሚባል ፎልደር ታበጅና ገጹን ውስጡ ታስቀምጣለች፤ የፎልደሩ ስም ራሱ የገጹ አድራሻ ይሆናል። ፎልደሩ ሌላ ፎልደር ውስጥ ከገባ ግን አድራሻውም አብሮ ይለወጣል።

አብሯት የሚሠራ ሰው አለ። ሁሉን ካላስተካከልኩ ስለሚል «አቶ ወልውል» ትለዋለች።

ገጹ በተከፈተ ቀን ጠዋት የአውቶቡስ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ደወሉ፤ ጩኸታቸው እኔ ድረስ ይሰማል።

«የኔ እህት፣ አውቶቡሱ ላይ ያለውን አድራሻ ሲያስገቡት ‹ገጹ አልተገኘም› ይላል! አስቀብተን ጨርሰናል እኮ!»

ከፍታ ብታይ «ቲኬት» «አገልግሎቶች» የሚባል ፎልደር ውስጥ ገብቷል። ሕፃኑን እንደታቀፈች አቶ ወልውል ጋ ደወለች።

«ቲኬቱን የት ወሰድከው?»

«ሜዳ ላይ ተዝረክርኮ አየሁትና ሰበሰብኩት። አላማረም?»

«ቤቱን ነቅለህ ሌላ ሰፈር ተከልከው! መንገደኛው በየት በኩል ይምጣ?»

«ታዲያ አውቶቡሱን ደግመው ይቀቡታ!»

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ግን ዋጥኩት።

ወደ ቦታው መለሰችው። ምሳ ሳይደርስ እንደገና ጠፋ። ሰውዬው አንዲት ሥዕል ሊያርም ገብቶ፣ እሱ ጋ የነበረውን፣ «ቲኬት» የተዛወረበትን የጠዋቱን ቅጂ ሙሉውን ከላዩ ጭኖበታል።

«አንተ ሰው፣ ምን በደልኩህ?» ብላ ስትጮህ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። ተቀብዬ አዘልኩት። እሷ ፎልደሩን መልሳ፣ ያለሷ ፈቃድ እንዳይነካ ዘጋችበት። ከዚያ ወዲህ ገጹ ሠራ። ምሳዋ ግን እንደቀረበላት ቀዘቀዘ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ መልሰው ደወሉ። አሁን ድምፃቸው ዝግ ብሏል፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

«መሥራቱንስ ሠርቷል። ግን ሕዝቡ ጠዋት ቲኬት መሸጫው መስኮት ላይ ተጋፍቶ ሰድቦናል። ቦርዱ የዓመቱን ውል ቢሮና ብዙ ሠራተኛ ላለው እንስጥ ብሏል። አይቀየሙን።»

«እሺ ጌታዬ» አለች።

ስልኩን አስቀምጣ፣ ጀርባዬ ላይ የተኛውን ልጅ ካልሲ ወደ ላይ ሳበችለት።

«እማዬ፣ ቢሮ ከገባሁ ይይዙልኛል?»

«እይዘዋለሁ» አልኳት። ጡት አለመተዉን ሁለታችንም እናውቃለን።