አራተኛው ማዕዘን

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው በሰው ቤት ነው። አባቴ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ስለነበር ሥራው ወደሄደበት እየተከተልን በየከተማው ስንከራይ ኖርን። እሱ ሲሞት እናቴ ጅማ መርካቶ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዛ ቀረች። ምን ዓይነት ቤት ነው የምትፈልጊው ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ማንንም ሳላስፈቅድ ምስማር የምመታበት ግድግዳ።"

ስለዚህ ለዶክትሬት ትምህርት አዲስ አበባ መግባቴ ሲረጋገጥ፣ ከመሄዴ በፊት ያንን ግድግዳ ልገዛላት ቆረጥኩ። ጅማ ውስጥ ያለው ቤት ሁሉ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ሰርቦ ግን ቅርብ ናት፤ ጠዋት ታክሲ ይዞ ጅማ ገብቶ፣ ጉዳይን ጨርሶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ለምዝገባ የቀረኝ ስድስት ሳምንት ነበር።

ያገኘሁት ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከፊት ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ከኋላ ማድ ቤትና ከማድ ቤቱ ጋር የተያያዘች አንዲት ትንሽ ክፍል። የትንሿ ክፍል መስኮት የሚከፈተው ወደ ጓሮው የቡና ዛፎች ነው። እናቴ ቤቱን ለማየት የመጣች ቀን የፊቶቹን ክፍሎች እንደ ነገሩ አልፋ እዚያች ክፍል ገባችና አልወጣም አለች። ስጠራት "እኔ እዚህ ነኝ፤ የቀረውን ለእንግዳ አድርጊው" አለችኝ። ሻጯ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር ካለው ልጃቸው ዘንድ ለመግባት የተዘጋጁ ሐጂት ነበሩ። ሳቅ ብለው "ኢንተላ ኮ፣ ቤቱ ባለቤቱን አገኘ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። በዚያው ሳምንት ተዋዋልን።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ልናገር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ተማሪ ቁጥሩን ሳያጣራ ሲያመጣልኝ ወረቀቱን መልሼ የማስታቅፍ፣ በዚህም የምታማ ሰው ነኝ። የቤቱን ካርታ ግን ሦስት ጊዜ አገላብጬ አየሁት። ከአራቱ ማዕዘኖች አንዱ በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ጎደል ብሏል። መንገድ አልፎበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሜትር ይዤ አንድ እርምጃ እንኳ አልለካሁም።

ስም ለማዛወር ስናመለክት ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ወጣት ቀያሽ መሣሪያዋን ይዛ መጣች። ግቢውን ዞረች፤ ካርታውን አየች፤ ማድ ቤቱን አየች፤ እንደገና ካርታውን አየች።

"ማድ ቤቱና የኋላዋ ክፍል ከካርታው ውጭ ናቸው" አለችኝ።

"ውጭ ማለት የማን መሬት ላይ?"

"የመንግሥት።"

ድምፄን ከፍ አድርጌ ተከራከርኳት። ልጅቷ ግን በትዕግሥት አስረዳችኝ። ትንሽ ልዩነት ቢሆን የመሣሪያ ልዩነት ተብሎ ይታለፋል፤ ይሄ ግን የክፍሎች ስፋት ነው። ሐጂት የመንግሥት መሬት እንደ ወረሩ ተቆጥሮ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል፤ ኮሚቴው ደግሞ መቼ እንደሚሰበሰብ አይታወቅም። ከቸኮልኩ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ማድ ቤቱንና የኋላዋን ክፍል አፍርሶ ካርታው በሚለው ልክ ስም ማዛወር። ሐጂት ይህን ሲሰሙ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። "ወላሂ፣ አንድ ስንዝር የሰው አልነካሁም" አሉ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አላመንኳቸውም።

ምዝገባው አይጠብቅም፤ እናቴን ያለ ቤት ትቼ መሄድም አልችልም። ይፍረስ አልኩ። ለእናቴ ስነግራት አልተከራከረችኝም። "አፍርሺው፤ ብቻ መስኮቷን አስቀምጪልኝ" አለች።

በማግስቱ ለማፍረስ መስማማቴን ልፈርም ማዘጋጃ ቤት ስሄድ ወጣቷ ቀያሽ ብዕሩን ከእጄ ወሰደችው። "መጀመሪያ ጋሼ ይዩት" ብላ ጥግ ላይ ወዳለ ጠረጴዛ መራችኝ። ጋሼ የምትላቸው የቢሮው አንጋፋ ቀያሽ ናቸው፤ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። ማኅደሩን አስመጥተው ገለጡት። ካርታውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርገው ብዙ ቆዩ።

"ፊርማው የእኔ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ነገ ጠዋት መጥቼ አየዋለሁ። እስከዚያ አንድም ነገር እንዳትነኪ።"

ሰበብ ፍለጋ ነው የሚመጡት ብዬ ነበር። በጠዋት ሜትርና ዶማ ይዘው በእግራቸው መጡ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሥራ ለተማሪዎቼ ባሳየሁ እላለሁ። ቦታው መጀመሪያ ሲሸነሸን የተቀበሩትን የብረት ችካሎች አንድ በአንድ ፈለጉ፤ ሲያገኙም አፈሩን በእጃቸው ጠርገው እስከ አናቱ ገለጡት። የሜትሩን ቁጥር ካነበቡ በኋላ ለራሳቸው ወረቀት ላይ ይጽፉና ወረቀቱን አጥፈው ሜትሩን ለእኔ ይሰጡኛል። "የእኔን ሳታዪ አንብቢ" ይሉኛል። ያነበብኩት ከጻፉት ጋር ካልገጠመ ሁለታችንም እንደገና እናነባለን። አንድ ጊዜ በጣት ስፋት ተለያየን፤ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ሦስቱን ማዕዘኖች እንዲህ ጨረስን። አራተኛው ካርታው ላይ ባለበት ቦታ ስንደርስ ግን ችካል የለም፤ ያለነው መሃል ጓሮ ነው። ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩና ወደ ሐጂት ዞሩ።

"ሐጂት፣ ይሄ ቦታ ሲለካ እነዚህ ክፍሎች ነበሩ?"

"ኧረ የታባታቸው! ከዚያ በኋላ ነው የሠራናቸው።"

"ታዲያ እዚህ ምን ነበር?"

"የተለካው ኅዳር ነው፤ ጀንፈል ነው እንጂ ምን ይኖራል?" አሉ ሐጂት። ከነገለፈቱ የሚደርቀውን ቡና ማለታቸው ነው። "ጓሮውን ሞልቶ ተሰጥቶ..." ብለው ድንገት ቆሙና ሽማግሌውን አተኩረው አዩአቸው። "እርስዎ ነዎት እንዴ! በዚያ ጭቃ ጫማ ሲመጡ 'ቡነ ኢረ ሂን ኤጄቲና!' ብዬ የጮህኩብዎ!"

ቡናው ላይ እንዳይቆሙ ነበር የጮኹት። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ልክ ነበሩ" አሉ። "የዓመት ልፋትዎን በጭቃ ልረግጠው ነው? እኔም ከቡናው ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጌ፣ ሲነሳ ተመልሼ እለካለሁ ብዬ ሄድኩ። በሳምንቱ ሌላ ወረዳ ላኩኝ። ካርታው ተፈልጎ ሲጠየቅ ምልክት ባደረግኩበት አወጣሁት።"

ከዚያ ዶማቸውን አንሥተው ከትንሿ ክፍል ጀርባ አልፈው እስከ አጥሩ ሄዱና ቆፈሩ። አራተኛው ችካል ሥር በሥር ተጠላልፎበት እዚያው ነበር። ካርታው ላይ የጎደለው መሬት ያን ዓመት የተሰጣው ቡና ነው። ሐጂትን ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ስለነበር የሰሙኝም አይመስለኝም።

ቢሮ ተመልሰን ሽማግሌው ሊጽፉ ሲቀመጡ ወጣቷ ቀያሽ ጠጋ አለቻቸው።

"ጋሼ፣ 'ምክንያቱ አልታወቀም' ይበሉትና ኮሚቴ ይየው። ጡረታዎ እኮ ደርሷል።"

"ኮሚቴው እስኪያየው እኚህ ሴትዮ ወራሪ ተብለው ሊከርሙ ነው?" አሏት። "የለካሁት እኔ፤ የማውቀው እኔ።"

ጻፉ። አጭር ነበር፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "በዕለቱ አራተኛው ማዕዘን ላይ ቡና ለፀሐይ ተሰጥቶ ስለነበር በአካል ሳልደርስበት በግምት አስፍሬዋለሁ። ባለይዞታዋ ጥፋት የለባቸውም። ስህተቱ የእኔ ነው።" ከሥሩ ፈረሙ፤ አሮጌው ካርታ ላይ ያለው ፊርማ ራሱ ነው። እኔ ብሆን ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የሚል አንድ ሙሉ ገጽ እጽፍ ነበር። ስንት የጥናት ሪፖርት አንብቤያለሁ፤ እንደዚያች ወረቀት ያከበርኩት የለም።

ስህተቱ የቢሮው መሆኑ በጽሑፍ ስለተረጋገጠ ካርታው በሁለት ሳምንት ተስተካከለ፤ ከዚያ ስሙ በእናቴ ዞረ። ምዝገባው ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው አዲስ አበባ ገባሁ። እናቴ በገባችበት ቀን ትንሿ ክፍል ውስጥ ሦስት ምስማር መታች። የሚሰቀል ነገር የነበራት ለአንዱ ብቻ ነው።

ከወራት በኋላ ወጣቷ ቀያሽ ስትደውልልኝ የሽማግሌው ነገር ዱብ ዕዳ ሆነብኝ። በዚያች ወረቀት ምክንያት ዲሲፕሊን ቀርበው ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል፤ የጡረታ ጉዳያቸውም ተጓትቷል። አፍሬ፣ ስልካቸውን ተቀብዬ ደወልኩላቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

"ጡረታው ዘገየ እንጂ አልቀረም። ክፍሏ አለች?"

"አለች።"

"እንግዲያው በቃ፤ ትምህርትሽን ተማሪ።"

ለጥናቴ መረጃ የሚሰበስቡ ልጆችን ወደ መስክ በላክኩ ጊዜ መጠይቁ ላይ አንድ ሳጥን ጨመርኩ፤ "አልደረስኩበትም" የሚል። አማካሪዬ ምን እንደሚያደርግልኝ ጠየቁኝ። ሰው ያልደረሰበትን በግምት እንዳይሞላ ነው አልኳቸው። የቡናውን ነገር ግን አልነገርኳቸውም።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ሰርቦ ሄድኩ። እናቴ የጓሮዋን ቡና ለቅማ ከመስኮቷ ሥር እስከ አጥሩ ድረስ አስጥታዋለች። የምቆምበት አጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ሳይ፣ ቀዩ ቡና መሃል ለመሃል አንድ እግር በምታስረግጥ ቀጭን ባዶ መሬት ተከፍሏል። ባዶዋ መሬት ቀጥ ብላ ሄዳ አጥሩ ጥግ፣ አራተኛው ችካል ጋ ትቆማለች።

"እዚህ ጋ ቡና አልበቃሽም?" አልኳት።

"በቅቶኛል።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

እናቴ ቡናውን ማገላበጧን አላቆመችም።

"ቀያሹ ድንገት ቢመጡ ቡናውን ሳይረግጡ የሚደርሱበት ነው" አለችኝ። "ዘንድሮም፣ አምናም ትቼላቸዋለሁ።"