ከወንዙ ወዲህ ማን ይናገርልኝ

ሄዘል የሥጋ ሻጭ ሚስት ሆና ነው ያረጀችው። ሚዛን ላይ ጣቱን የማያሳርፍ ሥጋ ሻጭ የለም እያለች ባሏን በደንበኛ ፊት የምታሳፍረውም እሷው ነበረች። እሱ ሲሞት አልበሪ ከተማ ያለውን ቤት ሸጠችና ወንዙን ተሻግራ ማዶ ያለችው ዎዶንጋ ገባች፣ ልጇ ግራንት አጠገብ። ድልድዩን ሰው ዳቦ ለመግዛት ሁሉ ይመላለስበታል። ወዲያ አንድ ግዛት ወዲህ ሌላ ግዛት መሆኑን ማን ልብ ይለዋል።

አንድ ቀን ግራንት መጣና፣ "እማ፣ ያ ወረቀትሽ እዚህ እንደገና ቢሠራ ይሻላል። የዚህኛው ሕግ ሌላ ነው" አላት።

ወረቀቱ አልበሪ ሳለች ያሠራችው ነው፤ ራሷን ስታ መናገር ቢያቅታት በማሽን እንዳያቆዩአት፣ ስለ እሷም ጓደኛዋ ቨርና እንድትናገር የሚል ነው። ልጇን አላስገባችውም። አባቱ ሲያጣጥር "ትንሽ ሞክሩ፣ እባካችሁ ትንሽ" እያለ ሐኪሞቹን የያዘ እሱ ነው፤ ሰውዬው በቱቦ ተተብትቦ ሰነበተ።

"ድልድይ ስሻገር ገላዬ ተቀየረ እንዴ?" አለችው። በሆዷ ግን፣ ቨርናን አስወጥቶ ራሱን ሊያስገባ ነው አለች።

ሐኪም ዘንድ በተቀጠረችበት ቀን ቨርናን ይዛ ሄደች። ያደረሳቸውን ግራንትን ውጪ አስቀመጠችና ሐኪሟን ዶክተር ናይርን፣ "ልጄ ዋሽቶኝ ነው አይደል?" አለቻት።

"አልዋሸም። ወንዙ ማዶ የተሠራው ወረቀት ጭራሽ አይሰማም አልልም። ክርክር ቢነሳ ግን እዚህ የተሠራው ይጠነክራል። ሁለት ምስክር ይፈልጋል፤ አንዱ ሐኪም ነው፣ እኔ አለሁ።"

"ሁለተኛዋ ይቺው።"

"እሷ አትችልም። ስለ እርስዎ የሚናገር ሰው ምስክር አይሆንም።"

"ይኸው፣ ተባረርኩ!" አለች ቨርና።

ሄዘል ወደ በሩ አመለከተችና፣ "ያንን ልጅ ጥሩት። አንብቦ ይፈርም። ኋላ አላየሁም አልሰማሁም እንዳይለኝ" አለች።

ግራንት ገብቶ አነበበ። ማሽን የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። የቨርናን ስም ሲያይ ጆሮው ቀላ።

"እኔ ልጅሽ አይደለሁም?"

"ልጄ ስለሆንክ ነዋ። አንተ ልትለቀኝ አትችልም።"

"አዎ፣ አልችልም" አለና ፈረመ።

ሄዘል መነጽሯን አጥልቃ የፈረመበትን ቦታ አየች። ምስክር የሚለው ላይ ነው፤ የቨርና ስምም እንዳለ ነው። ደግማ አየች።

"ቅጂው ለቨርና ይሰጣት" አለች።

"ለእኔስ?"

"ላንተም። ከእሷ በኋላ።"