ብረቱ ተመልሶ የመጣበት ክፍል ሁለት

ልጅ ሳለሁ ፊልምን የማውቀው በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነበር። ተራኪያችን የአባቴ ታላቅ ወንድም የኔታ ነበሩ፤ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ደብራችን ዜማ የሚያስተምሩ፣ ቁጣቸው ቶሎ መጥቶ ቶሎ የሚሄድ ሰው። በገበያ ቀን ጧፍ ሊገዙ ወደ ከተማ ሲወጡ ጎራ የሚሉበት አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ሰይድ የፊቱን አግዳሚ ወንበር ይይዝላቸዋል፤ እሳቸውም ከኋላ የተቀመጠውን እንዳይጋርዱ ጥምጥማቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ ያኖሩታል። ቄስ ቪዲዮ ቤት ምን ይሠራል ብለው የሚያሟቸው አልጠፉም። የኔታ ግን ለሐሜት ጊዜ አልነበራቸውም።

ያኔ መብራት ወደ እኛ ሰፈር አልደረሰም። እራት ተበልቶ ፍሙ ሲቀር፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ የኩራዙ ብርሃን ጥላቸውን ግድግዳው ላይ እያገዘፈው፣ ልክ ቅዱስ መጽሐፍ እንደሚተረጉሙ ሁሉ «አንድም፣ አንድም» እያሉ ያዩትን ፊልም ያብራሩልን ነበር። ከሁሉም ልቤ ውስጥ የገባው የብረቱ ታሪክ ነው። ብረቱ የሚሉት ሰው ሠራሹን ወታደር ሲሆን በከዋክብት መካከል የሚበርረውን ደግሞ መርከብ ይሉታል። ብረቱ አንዲት ትንሽ ልጅ እንዲጠብቅ ታዟል። መርከቡ በእሳት ሲያያዝ ልጅቷን ወደ ውጭ ገፍቶ አወጣትና በሩን ከውስጥ ዘግቶ እሱ እዚያው ቀረ።

«ከዚያስ ተመለሰ?» አልኳቸው።

«አልተመለሰም። አንድም፣ እሱ ቢወጣ በሩን የሚዘጋ አልነበረም። አንድም፣ የቀረው እሷ እንድትኖር ነው። እንግዲህ ልጅቷ ምን አጠፋች? እሷን መጥላት ይገባል?»

ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር። እናቴ የሞተችው ወንድሜን ስትወልድ ነው፤ እኔም ያንን ልጅ አላዝልም፣ አላባብልም ብዬ ከርሜ ነበር። አክስቴ ብትለምነኝ፣ አባቴ ቢቆጣኝ አሻፈረኝ አልኩ። ሲያለቅስ ጆሮዬን ይዤ ወደ ደጅ እወጣ ነበር። ታሪኩን በሰማሁ ማግሥት ግን ማንም ሳያዘኝ አነሣሁትና አዘልኩት። ከጠበቅሁት በላይ ይከብድ ነበር። አንገቴ ላይ እየተነፈሰ እንቅልፍ ወሰደው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ከጀርባዬ አልወረደም።

የፊልሙ ክፍል ሁለት መጣ ሲባል ወንድሜ መራመድ ጀምሮ ነበር። የኔታ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ፤ በዓይኔ ያየሁት የመጀመሪያው ፊልም እሱ ነው።

ዛሬ ላይ ሆኜ ክፍል ሁለት አይረባም ብል እዋሻለሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ግሩም ነበር። ስታለቅስ የምናውቃት ልጅ አድጋ መርከብ ታዝዛለች፤ ውጊያው ማን ማንን እንደመታ ግራ ሳያጋባ ይታያል፤ አየር በሌለበት ሰማይ ላይ አንድ ከተማ ያለ ምንም ድምፅ ሲፈነዳ ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የተበላሸው። ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀው ጠላት በአንድ እንባ ወዳጅ ሆነ። ወሬ በዛ። በመጨረሻም ልጅቷ ስትከበብ በሩ ተከፈተና ብረቱ ገባ፤ ልክ ጠዋት ወጥቶ ማታ እንደሚመለስ ሰው። እንዴት እንደዳነ አልተነገረንም። ተመልካቹ ተነሥቶ አጨበጨበ፣ ሰይድ «ማሻአላህ» አለ። እኔ አላጨበጨብኩም። ከዚያ ወዲያ ጥይቱ ቢዘንብ፣ መርከቡ ቢከሰከስ ምንም አልመሰለኝም፤ የሞተው ሁሉ የሚመለስ ከሆነ ለማን ልሥጋ?

መንገድ ላይ የኔታን አላናገርኳቸውም። ቤት ስንደርስ ወንድሜ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ እየተንገዳገደ መጣ፤ እንዳላየሁ አልፌው ገባሁ። የኔታ እሱን አቅፈው ተከተሉኝ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፣ እኛ ወሎዎች ሐዘንተኛን በምናጽናናበት ቃል።

«ተመለሰ እኮ! አይመለስም ብለውኝ አልነበር? እሱ ከተመለሰ እናቴ ለምን አትመለስም?»

 ጉባኤ ላይ እንደተቀመጡ ሁሉ ድምፃቸውን አጠንክረው «ክፍል ሁለት ሥርዋጽ ነው» አሉ።

በእኛ ቤት ከዚህ የባሰ ፍርድ የለም። ሥርዋጽ ማለት መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ሌላ እጅ የጨመረው፣ ሊቃውንት አይተው የሚጥሉት ቃል ነው። አመንኳቸው። ወንድሜን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

አሁን የኔታ በሕይወት የሉም። እኔ ደሴ ነው የምኖረው፤ ወንድሜ ለትምህርት መጥቶ አብሮኝ ይኖራል። በቀደም ክፍል አንድን በስልኩ ላይ አገኘውና አብረን አየነው። የኔታ የተረኩት ሁሉ ነበረ፣ በሩም ተዘጋ። ከዚያ መርከቡ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ፣ ከአመዱ መካከል የብረቱ እጅ ታየ። ጣቱ ተንቀሳቀሰ።

የኔታ ደግሞ ፊልም ሳያልቅ የሚነሡ ሰው አልነበሩም። ክፍል ሁለት ምንም አልጨመረም፤ ከክፍል አንድ ላይ መጨረሻውን የፋቁት እሳቸው ነበሩ። ያን ሁሉ ዘመን ፊልሙ ከዳኝ ስል የከዱኝ በፍም ዳር ያመንኳቸው ሰው ናቸው። ተናደድኩ፤ አሁንም ንዴቴ አልበረደም። እናቴ ትመለሳለች የሚል ተስፋዬን ያለ ፈቃዴ ወሰዱብኝ፣ እኔን ሳይጠይቁ ስለ እኔ ቆረጡ። በሕይወት ቢኖሩ ፊት ለፊት እነግራቸው ነበር።

ወንድሜ ግን ፊቱ በርቶ «አየሽ፣ አልሞተም!» አለኝ። እናቱን በፎቶ እንኳ አያውቃትም፤ እሱን ስትወልድ መሞቷን ያውቃል፣ አንድ ጊዜም ስለዚያ አንሥቶብኝ አያውቅም።

«ሞቷል» አልኩት፣ የኔታ እንዳደረጉት ድምፄን አጠንክሬ፤ ስልኩንም ከእጁ ወስጄ አጠፋሁት።